የብርቄ እናት ፀጉር

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለፊርማ ብቻ ነው። አለቃችን አቶ ሲሳይ «አዲስ ለሚቀጠሩት ልጆች የሚጠቅም ነገር አይተሻል፤ ጻፊላቸው» ሲሉኝ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር።

«መናገር እንኳ የማልችል፣ እንዴት ብዬ እጽፋለሁ?» አልኳቸው።

«ለዚያ እኮ ነው ጻፊ የምልሽ። ስትጽፊ ማንም ቁሞ አያይሽም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

የእኔ ሥራ የአደራ ቤተሰቦችን መደገፍ ነው። በመፈናቀሉ ጊዜ ከወላጆቻቸው የተለያዩ ልጆች ዘመድ እስኪገኝላቸው ድረስ እዚህ ሰቆጣ በፈቃደኛ ሰዎች ቤት በአደራ ይቀመጣሉ። እኔ ቤት ለቤት እየዞርኩ ልጆቹን አያለሁ፣ አጫውታለሁ፣ የአደራ ወላጆቹን አነጋግራለሁ። የቀጠሩኝ የአካባቢውን የአገው ቋንቋ፣ ኽምጣንጋን፣ ስለምናገር ነው። ከገጠር የመጡት ልጆች ብዙዎቹ ሲደነግጡ አማርኛው ይጠፋባቸዋል።

የመጀመሪያ ቀን የገባሁት ልጆች በሚጫወቱበት ክፍል ነበር። ለቅሶ እሰማለሁ ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። ልጆቹ ግን ቁጭ ብለው ኳስና ጠጠር ይዘው ይጫወታሉ። ውጭ የቆመ መኪና በሩ በኃይል ሲዘጋ ጓ አለ። ቀና ብዬ ሳይ ክፍሉ ባዶ ነው። ሁሉም ጠረጴዛ ሥር ገብተዋል። አንድም ልጅ አልጮኸም፣ አንድም አላለቀሰም። ትንሽ ቆይተው አንድ በአንድ እየወጡ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ጨዋታቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

እኔ በሩ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ። አቶ ሲሳይ ከኋላዬ መጥተው «ቢያለቅሱ ይሻለን ነበር» አሉ። የዚያን ጊዜ አልገባኝም።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከልጅ ጋር ስትነጋገሪ ቁጭ በይ፤ ከላይ ሆነሽ አትናገሪ። ሳይፈቅድልሽ አትንኪው። እናትህ ነገ ትመጣለች ብለሽ ቃል አትግቢ፤ አታውቂማ። የሆነውን ነገር አትጠይቂ፣ ከነገረሽ ግን ምንም ሥራ ቢኖርብሽ ተቀምጠሽ ስሚ። ዝም ማለት ለእኔ ከባድ ስላልሆነ ቶሎ ለመድኩት። የከበደኝ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ማውራት ነው።

አንድ የአደራ አባት ነበሩ፣ ልብስ ሰፊ ናቸው። እሳቸው ቤት የተቀመጠው ልጅ ጫማውን አያወልቅም፤ አልጋ ላይም በጫማው ነው። «ምን ላድርገው? አንሶላው እኮ የእርሻ ማሳ ሆነ» ብለው ተማረሩብኝ። እኔም በትንሽ ድምፅ «እንደገና ሮጦ የሚሸሽ እየመሰለው ነው» አልኳቸው። አሰቡና «እንግዲያው እኔም አላወልቅም። ስንሮጥ አብረን ነው» አሉ። እንዳሉትም አደረጉ። ልጁ ብዙ ታገሠ፤ በመጨረሻ አንድ ቀን «ጋሼ፣ እግርዎ ሸተተ፤ ያውልቁ፣ እኔም አወልቃለሁ» አላቸው። ይህን ሲነግሩኝ እየሳቁ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

ልጽፍ የተነሳሁት ግን ስለ ብርቄ ነው።

ብርቄ ከዚሁ ከእኛ አገር ዝቋላ ወረዳ በኩል በጭነት መኪና ከመጡ ሰዎች መካከል የተገኘች ልጅ ናት። ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ሰዎቹ ወንዝ ዳር ብቻዋን ቁማ አግኝተው ነው የጫኗት። የራሷን ስም ታውቃለች፣ እናቷ ላቀች እንደምትባልም ታውቃለች። አባቷን አላየችውም፣ ሳትወለድ ነው የሞተው። የቀበሌዋን ስም ስንጠይቃት ግን «እኛ ቤት» ትላለች። ሌላ ስም የለውም።

ያስጠጓት እማማ ዝናሽ ናቸው። ጉልት ተቀምጠው ጨው፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ይሸጣሉ። አንደበታቸው ስለት ነው። መጀመሪያ ቤታቸው ስሄድ ሰላምታዬን አልሰሙትም፤ «ምነው አንች ልጅ፣ ድምፅሽን እቤት ረስተሽው መጣሽ?» አሉኝ። ብርቄ ያን ጊዜ ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

በእኛ ሥራ ልጅ የእናቱ መልክ እንዳይጠፋበት ስለ እሷ እንዲያወራ ይደረጋል። ቁጭ ብለን ከማሽላ አገዳ አሻንጉሊት ሠራን። ብርቄ ከገመድ ላይ ቃጫ መዘዘችና ለአሻንጉሊቷ ፀጉር አሰረችላት። ከዚያ ሸረበችው። «እናቴ ፀጉሯ እስከዚህ ነው» ብላ ወገቧን አሳየችኝ። «ስትተኛ እኔን አልብሳኝ ነው የምትተኛ።»

ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር ሌላ አሻንጉሊት አለ። ሁሉም እናቷ ናቸው፣ ሁሉም ረጅም ፀጉር አላቸው። እማማ ዝናሽ «ገመዴን ጨረሰችው እኮ! ፍየሌን በምን ላስራት ነው? በነጠላዬ?» ብለው ይጮሃሉ፤ ማግስቱን ግን ራሳቸው ቃጫ ገዝተው ይገባሉ።

ገበያ ይዘዋት ሲወጡ ደግሞ ከጨዉ አጠገብ ተቀምጣ የሚያልፉትን ሴቶች ራስ ታያለች። ሻሽ ያሰረች ካለፈች አንገቷን አጣማ ከኋላ ታያለች። «ይቺ አይደለችም፣ አጭር ነው» ትላለች። ለአቶ ሲሳይ ስነግራቸው «ጥሩ ነው፣ ምስሏ አልጠፋባትም» አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ።

ብዙ ከቆየ በኋላ እናቷ ተገኘች። አንድ የዝቋላ ሰው ለገበያ መጥቶ ስለ ልጅቷ ሲሰማ «ልጅ የጠፋባት ላቀች የምትባል ሴት እኛ ሰፈር አለች» አለ። አቶ ሲሳይ ወደ ቀበሌው ደወሉ። ኔትወርኩ ድምፅ እንኳ በጭንቅ ነው የሚያሳልፈው፣ ፎቶ መላክ አልተቻለም። ግን የልጅቷ ስም፣ የእናቷ ስም፣ ቤታቸው ያለችው ፍየል ቀለም ሳይቀር ገጠመ። የቀበሌው ሰው «እናቲቱ በሕይወት አለች» አለ። አቶ ሲሳይ «ልጅሽ ተገኝታለች፣ ይዘናት እንመጣለን ብላችሁ ንገሯት» አሉት። «እሽ፣ ይነገራታል» አለ።

እማማ ዝናሽ የብርቄን ፀጉር ቅቤ ቀብተው ሹሩባ ሠሯት። አፋቸው አላረፈም። «እናትሽ ማን ሠራሽ ብላ ብትጠይቅሽ የሰቆጣዋ ዝናሽ በያት። እሷ ከዚህ የተሻለ ከሠራች ደግሞ መጥታ ታሳየኝ።» ብርቄ በመኪናው መስኮት እያየቻቸው ሄደች። እሳቸው በራፍ ላይ አልቆዩም፣ ወዲያው ገቡ።

መኪናው መንገዱ እስካለቀበት ሄደ፤ ከዚያ በእግር ነው። አገሩ ሙቀት ነው፣ ድንጋይና ግራር። አቶ ሲሳይ ውኃ ይዘዋል፣ እኔ ብርቄ ሲደክማት አዝላታለሁ። ከአንድ ጉብታ ላይ ስንወጣ ከጀርባዬ ዘለለች። «ያቻት ፍየላችን!» ብላ ሮጠች። ቤቱን ማንም አላሳያትም።

ከቤቱ አንዲት ሴት ወጣች። ጥቁር ለብሳለች። ራሷ ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል። ግንባሯና ጉንጯ ላይ በጥፍር የተነጨ የቁስል ጠባሳ አለ።

ብርቄ ሩጫዋን አቆመች።

ሴትዮዋ ልጅቷን አየች። ይሮጡና ይተቃቀፋሉ ብዬ ነበር። ሴትዮዋ ወደ ኋላ ነው የሄደች። እያማተበች፣ «በስመ አብ፣ በስመ አብ» እያለች ጀርባዋ ግድግዳውን እስኪነካ ሄደች። ከዚያ ጮኸች። እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም።

ጎረቤቱ ሌላ ሰው የሞተ መስሎት ከየቤቱ እየወጣ መጣ። ሴቶቹ ገና ሳይደርሱ ደረታቸውን እየደቁ ማልቀስ ጀመሩ። ብርቄ ሮጣ ቀሚሴ ውስጥ ተሸሸገች። «ይቺ አይደለችም» አለችኝ። «ይቺ አይደለችም። እናቴን ምን አደረጋችኋት?»

ላቀች ትንፋሿ ሲመለስ እጇን ዘርግታ መጣች። ብርቄ እጄን በጥርሷ ያዘች፣ እንዳልለቃት ብላ ነው። እናቲቱ ይህን ስታይ መሬት ላይ ተቀመጠች። «አላወቀችኝም! ልጄ አላወቀችኝም!» አለች።

አቶ ሲሳይን አየኋቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ይህን ያህል ዘመን ስሠራ» አሉ፤ አልጨረሱትም። «ነግረናት ነበር እኮ።»

ማንም አልነገራትም። ያን ያወቅነው የነፍስ አባቷ ቄስ መጥተው ሲነግሩን ነው። በሽሽቱ ጊዜ አንድ ሰው «ልጅቷን ወንዝ ሲወስዳት አየሁ» ብሎ ኖሯል። ሽማግሌዎቹ በማለዳ ተሰብስበው መርዶ አረዷት። ላቀች ተላጨች፣ ፊቷን ነጨች፣ ለቅሶ ተቀመጠች። ሬሳ አልተገኘም፤ ለቅሶው ግን ሙሉ ነበር። የእኛ መልእክት የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። የቀበሌው ሰው ለላቀች በቀጥታ ለመናገር ፈራ፤ ለቄሱ ነገራቸው።

«እኔ ነኝ ያስቀረሁት» አሉ ቄሱ። «ልጅቷ ሌላ ሰው ብትሆንስ አልኩ። ሌላ ላቀች፣ ሌላ ብርቄ የለም? አንዴ ነግሬያት ሐሰት ቢሆን ሁለተኛ መርዶ ነው። በዓይኔ ሳላይ አልናገርም ብዬ ነው።»

ላቀች ላይ ክፉ የሠራ ሰው አልነበረም። ሁሉም ለእሷ አዝኖ ነው ዝም ያለው። እኛም ለልጅቷ ስንል ስለ እናቷ ፀጉር ስናወራላት ከረምን።

አቶ ሲሳይ ወደ ጎን ወሰዱኝ። «ልጅቷ ካልፈቀደች ይዘናት እንመለሳለን። በግድ አንተዋትም፣ ሕጋችን ነው።»

ድምፃቸውን ዝቅ ቢያደርጉም ላቀች ሰማች። «ልትወስዷት ነው?» አለች።

ቄሱ «ይህችን ሴት እንደገና ለቅሶ ልታስቀምጧት ነው?» አሉ።

«አባ፣ ልጅቷ እናቴ አይደለችም እያለች ጥያት ልሂድ?» አሉ አቶ ሲሳይ።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ቄሱ አቶ ሲሳይን ያያሉ፣ አቶ ሲሳይ እኔን ያያሉ። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ከፊሉ ያለቅሳል፣ ከፊሉ እልል ይላል፣ አንዷ ብርቄ መሆኗን በጆሮዋ ምልክት ልታረጋግጥ ሻሿን ትጎትታለች። በዚህ ሁሉ መካከል ልጅ እናቷን አታገኝም። ሰዉ መውጣት እንዳለበት አወቅሁ። መናገር ያለብኝ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ብዙው ሰው አማርኛ አይሰማም፣ አቶ ሲሳይም ኽምጣንጋ አይችሉም።

«እባካችሁ ለጊዜው ወደየቤታችሁ ሂዱ» አልኩ።

አንዲት አሮጊት «ምን አለች?» አሉ። «የምትጸልይ መሰለኝ» አለች ሌላዋ።

ደግሜ አልኩት። ሦስተኛ ጊዜ ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም፣ ራሴን አስደነገጠኝ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ሰዉን ወደ ውጭ ሸኙልኝ።

ላቀችን «እጅሽን አትዘርጊባት። አትጥሪያት። እንደ ወትሮሽ ሥራ ያዢ» አልኳት። ማሽላ በሰፌድ አውጥታ መልቀም ጀመረች። እኔና ብርቄ ከፊት ለፊቷ ተቀመጥን። አቶ ሲሳይና ቄሱ ከበሩ ውጭ ናቸው። ጠጠሩን ለቅማ ስትጥል ብቻ ይሰማል።

ብርቄ ቀስ በቀስ ከቀሚሴ ወጣች። የሴትዮዋን ራስ አየች፣ ጥቁር ልብሷን አየች። ለቅሶ ምን እንደሚመስል የምታውቅ የገጠር ልጅ ናት። ተነሳችና ትንሽ ራቅ ብላ፣ ትልልቅ ሴቶች ለቅሶ ቤት እንደሚያደርጉት አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች።

«እግዜር ያጥናሽ» አለቻት።

ላቀች ሳታስበው «አሜን» አለች።

«ማን ሞቶብሽ ነው?»

ላቀች ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። ዓይኗን ወደ እኔ አነሳች፣ ልንገራት ወይ ብላ።

«ልጄ» አለች።

«ማን ትባላለች?»

«ብርቄ።»

ብርቄ ትልቅ ሰው የሞኝ ነገር ሲናገር እንደሰማች ሁሉ ፊቷን ቋጠረች። «ብርቄ እኮ እኔ ነኝ። አልሞትኩም።»

«ሞታለች አሉኝ። ወንዝ ወሰዳት አሉኝ።»

«እኔን የወሰደኝ መኪና ነው!»

ብርቄ የተላጨውን ራስ እንደገና አየች። አሁን የገባት መሰለኝ። «ለኔ ብለሽ ነው የተላጨሽው?»

«ላንቺ ነው።»

«ምነው ሳትጠይቂኝ?» አለችና አለቀሰች። እማማ ዝናሽ ቤት በቆየችበት ጊዜ ሁሉ አልቅሳ አታውቅም። እየጮኸች፣ እግሯን መሬት እየመታች፣ ለፀጉሩ አለቀሰች። ውጭ አቶ ሲሳይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ነበር። የመጀመሪያ ቀን ያሉኝ አሁን ገባኝ።

ሮጣ እናቷ ጉያ አልገባችም። ይህን አዲስ የሚቀጠሩ ልጆች እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ያን ቀን ከእኔ ጋር በላች፣ እኔን ካልያዘች አልተኛም አለች። እኛም አደርን። ላቀች ልጇ በእንግዳ ሰው ክንድ ስትተኛ እያየች አደረች። ይህን እንዴት እንደቻለችው እስካሁን ይገርመኛል።

ማለዳ ብርቄ ፍየሎቹን ልታይ ወጣች። ላቀች ተከተለቻት። ብርቄ እጇን አልሰጠቻትም፣ ግን በየመሐሉ ዞር እያለች ትመጣ እንደሆነ ታያለች። ተመልሳ ስትመጣ አቶ ሲሳይ እንደ ሕጉ ጠየቋት፤ እኔ አስተረጎምኩ። «ከእኛ ጋር ትመለሻለሽ ወይስ እዚህ ትሆኛለሽ?»

«ፍየሏ ልትወልድ ነው» አለች።

አቶ ሲሳይ እኔን አዩኝ። «መልስ ነው?»

«መልስ ነው» አልኳቸው።

ሰቆጣ ስንመለስ በቀጥታ እማማ ዝናሽ ዘንድ ሄድኩ። ሽንኩርት ሲደረድሩ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙ፤ እሳቸው ዝም ሲሉ ያን ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «እሷ ለልጇ ተላጭታ ተቀምጣ፣ እኔ እዚህ ልጅቷን ሹሩባ እሠራ ኖሯል!» አሉ። «ሌላ ልጅ እንዳታመጡብኝ» አሉኝ። እንደሱ ያሉት ለጥቂት ጊዜ ነው። አሁን ሁለት ወንድማማቾች አሉባቸው፤ ጉልት አብረዋቸው እየተቀመጡ በራሳቸው ዋጋ እየጠሩ ቃሪያቸውን ያስወድዱባቸዋል።

ከዚያ ወዲህ አሠራራችን ተለወጠ። ልጅ ይዘን ከመሄዳችን በፊት ከእኛ አንዱ ብቻውን ይሄዳል። እናቲቱን በዓይኑ ያያል። መርዶ ተነግሯት እንደሆነ ይጠይቃል፤ ተነግሯት ከሆነ መርዶውን ያረዷት ሰዎች ራሳቸው እንዲያነሱላት ያደርጋል። ተላጭታ እንደሆነ፣ ከስታ እንደሆነ፣ ቤቱ ፈርሶ እንደሆነ አይቶ ይመለሳል፤ ለልጁም ያየውን እንዳለ ይነግረዋል። ልጁ የሚመለሰው ወደሚያስታውሳት እናት አይደለም፣ አሁን ወዳለችው ነው። ከዚህ ሥራ የተማርኩት ይህን ነው።

ብርቄን ለክትትል ሁለት ጊዜ ሄጄ አየኋት። በመጨረሻው ጉብኝት ላቀች ሻሿን አውልቃ እንስራ ልታነሳ ወገቧን ታጥቃለች፤ ብርቄ ትንሿን ጀሪካን ይዛ በር ላይ ቁማለች። እኔ መሰናበት አልሆነልኝም። ስለ ፍየሏ ግልገል ጠየቅሁ፣ ስለ ትምህርት ቤት ጠየቅሁ፣ የጠየቅሁትን ደግሜ ጠየቅሁ። ብርቄ ጀሪካኗን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረችና እንዲህ አለችኝ፦

«በቃ ሂጂ፣ እናቴ ሥራ አለባት።»